ከሰው ገላ የተወሰደ ሐውልት ፒያሳ ይቁም?

አወያይ፦ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል። ከተራ ሰው ገላ ላይ በጀሶ ተወስደው የተሠሩ፣ ቁመታቸው የሰው ልክ የሆነ ሐውልቶች ይቁሙበት? ተከራከሩ። ስድብ ከግሩፑ ያስወጣል።

የአራዳ ልጅ፦ ይቁሙ እንጂ! ለምኒልክም ለአቡነ ጴጥሮስም አንጋጠናል። ሊስትሮውስ? ጀበና ቡና የምታፈላዋስ? እንግሊዛዊው ቀራፂ አንቶኒ ጎርምሊ የገዛ ገላውን በጀሶ አስጠቅልሎ፣ 100 የብረት ሰው እዚያው እንግሊዝ ክሮስቢ ባሕር ዳር አቁሟል። ይነሱልን ያለም ነበር። ይኸው አሉ።

ሰንበት ተማሪ፦ ቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል እንጂ ቅርጽ አላስለመደችንም።

የአራዳ ልጅ፦ አቡነ ጴጥሮስ ጳጳስ አይደሉም እንዴ? ቆመው የለ!

ሰንበት ተማሪ፦ እሳቸው ሰማዕት ናቸው። ከሊስትሮ ጋር ምን አገናኛቸው?

ጠርጣሪው፦ እኔ ሃይማኖቱን ተዉት ባይ ነኝ። ይሄ ኮፒ ነው። ፈረንሳዊው ቀራፂ ሮዳን እንኳ በ1877 እ.ኤ.አ. ከሰው ገላ ገልብጧል ተብሎ ስንት ታማ!

ጀሶ በእጄ፦ ሞክረኸው ብታወራ ጥሩ ነበር። ገላው ቫዝሊን ይቀባል፣ ጀሶ የተነከረ ፋሻ ይለበጥበታል። ሲደርቅ ይሞቃል። ከወፈረ ያቃጥላል። ለእጅና ለፊት የጥርስ ሐኪም የጥርስ ልክ የሚወስድበትን፣ ከባሕር አረም የሚሠራውን ዱቄት እንጠቀማለን። የጥፍር ስንጥቅ ሳይቀር ያወጣል። ችግሩ ዓይን ነው። ሰውየው መጨፈን አለበት። ስለዚህ ሁሉም ፊት የተኛ ይመስላል።

እትዬ የካቲት፦ የተኛ አልክ ልጄ? የሞተ ነው የሚመስለው። በ1970 ልጅ ነበርኩ። ጠዋት ስንወጣ አስፋልቱ ላይ የተጣሉትን አይተናል። ዓይኑ የተከደነ፣ አመድ የመሰለ፣ የሰው ልክ ነገር ማታ ታክሲ ስጠብቅ አጠገቤ እንዲቆም አልፈልግም።

የአራዳ ልጅ፦ እትዬ፣ መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር መታሰቢያ ሙዚየም አለ አይደል? እዚያ እኮ የእውነት አፅም ነው ያለው።

እትዬ የካቲት፦ እዚያ ልቤን አዘጋጅቼ ነው የምገባው። መንገድ ግን የሁሉም ነው። በዚያ ላለማለፍ ምርጫ አለኝ?

ጠርጣሪው፦ እውነታቸውን ነው። ጎርምሊም በ2010 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ጣሪያዎች ላይ እንዲህ ያሉ ሐውልቶች ሲያቆም፣ ሰው ራሱን ሊወረውር ነው ብሎ ሕዝቡ እንዳይደነግጥ ፖሊስ አስቀድሞ ማሳወቅ ነበረበት።

ጀሶ በእጄ፦ ዓይኑን በኋላ ከፍተን መቅረጽ እንችላለን። ወይ ፊቱን ትተን እጅ ብቻ እናቁም። የሸማኔ እጅ፣ የሊስትሮ እጅ።

እትዬ የካቲት፦ እጅ ይሁን። እጅ አያስፈራኝም።

የአራዳ ልጅ፦ ሊስትሮው ግን እጁን ሲያበድር ይከፈለዋል? ወይስ «ለጥበብ» ተብሎ በነፃ?

ጀሶ በእጄ፦ እኛም እኮ ገና አልተከፈለንም 😄