የድረ ገጻችን ማውጫ፦ እሑድ ለጉባኤ የሚቀርበው ዕቅድ

ጸሐፊ፦ ጉባኤው እሑድ ነው፤ ዕቅዱ ቅዳሜ ማታ መታተም አለበት። ነገሩ የእኛ የሐረር አስጎብኚዎች ማኅበር ድረ ገጽ ማውጫ፣ ማለትም ገጾቹ የሚከፈቱበት ዝርዝር፣ ስልክ ላይ አለመሥራቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ሁለት እንግዶች ድረ ገጻችንን በስልካቸው ከፍተው ሲታገሉ አየሁ። ሴትየዋ «ጀጎል» (በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ) የሚለውን ስትነካው ዝርዝሩ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አራት ጊዜ ሞከረች። ስልክ ቁጥራችንን ሳታገኝ አንድ ደላላ መጥቶ ይዟቸው ሄደ። እኔ ሌላ እንግዳ ይዤ ስለነበር አፌን ይዤ ቀረሁ።

ማውጫው በ45,000 ብር እንደ አዲስ ይሠራ እላለሁ። ላይኛው ረድፍ «ጀጎል»፣ «ጉብኝት»፣ «ስለ እኛ»። ከ«ጀጎል» ሥር «በሮች»፣ «ቤቶች»፣ «ገበያዎች»፣ «ሙዚየሞች»። ከ«በሮች» ሥር አምስቱ፦ የሸዋ በር፣ የቡዳ በር፣ የሰንጋ በር፣ የኤረር በር፣ የፈላና በር። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ሐረር በር፦ ስድስተኛው፣ እኔ የምሠራበት የሐረር በር፣ የት ሄደ?

አንጋፋው፦ ስድስተኛ የሚባል የለም። የሐረሩ ገዥ አሚር ኑር ካስገነባው ግንብ ጋር የምናውቃቸው በሮች አምስት ናቸው። ያኛው ለመኪና ተብሎ ኋላ የተከፈተ ነው።

ሐረር በር፦ ከድሬዳዋ በመኪና የሚመጣ እንግዳ ታዲያ በየት በኩል ነው የሚገባው? እኔ እዚያ በር ላይ ቆሜ ነው ልጆቼን የማሳድገው።

ኮድ ጻፊው፦ አቦ፣ በሩን ተዉትና አንዴ ስሙኝ። አሁን ያለው ማውጫ ለማውስ የተሠራ ነው። ጠቋሚው ሲያርፍበት ዝርዝሩ ይወርዳል፣ ሲነሳ ይዘጋል። ስልክ ላይ የሚያርፍ ጠቋሚ የለም፣ ጣት ነው ያለው። ጣት ሲነካው ዝርዝሩ ገና ብቅ ከማለቱ ገጹ ይቀየራል። ሴትየዋ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ኮምፒውተር ላይም በ«ጀጎል»ና በዝርዝሩ መካከል ትንሽ ክፍተት አለች፤ ጠቋሚው እዚያች ላይ ሲደርስ ሁሉም ይታጠፋል። ሦስተኛው ደረጃ ደግሞ ወደ ቀኝ ነው የሚከፈተው። የብዙ ስልክ ስፋት 360 ፒክስል (የስክሪን መለኪያ ነጥብ) ገደማ ነው። ሁለተኛው ዝርዝር ብቻ 220 ይዞ በሮቹ ከስክሪኑ ውጪ ይቀራሉ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ድረ ገጽ በሚጻፍበት ቋንቋ፣ በኤችቲኤምኤል፣ ዝርዝር ውስጥ ዝርዝር ተደርጎ ይጻፍና ስልክ ላይ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ይዘርጋ። ስሙ ሲነካ ወደ ገጹ ይውሰድ፤ አጠገቡ ያለችው ቀስት ብቻ ዝርዝሩን ትክፈት፤ እሷም ለአውራ ጣት እንድትበቃ 44 ፒክስል ትሁን። በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ ሰውም መክፈት ይቻለው። ከሁሉ በፊት ግን ስልክ ቁጥራችን ከ«ስለ እኛ»፣ ከ«አድራሻ»፣ ከ«ቢሮ» ሥር ወጥቶ ላይኛው ረድፍ ላይ ይቀመጥ። ሐሙስ በተለያየ ስልክ እንሞክረው። ማን ስልኩን ይዞ ይመጣል?

የኤረር ልጅ፦ እኔ አለሁ። የበሮቹንም ፎቶ ዛሬውኑ አነሳለሁ።

አንጋፋው፦ «የቡዳ በር» ብላችሁ ነው ለዓለም የምታሳዩት? በሐረሪ ቋንቋ «በድሮ በሪ» ነው ስሙ። የሸዋውም አስማዲን በሪ ነው። ስማቸውን አስተካክላችሁ አምስቱን ጻፉ፤ ስድስተኛ ብትጨምሩ እኔ ዕቅዱ ላይ አልፈርምም።

ሐረር በር፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎ በፈላና በር ያስገቡት እንግዳ ስንት ነው? ሰው ሁሉ የሚወርደው እኛ ጋ ነው። ከእኛ በር ተነስቶ ነው ቀጥ ብሎ ፈረስ መጋላ የሚደርሰው። መዋጮ ስንከፍል አባል ነን፣ ስም ሲጻፍ የለንም?

አንጋፋው፦ ታሪክ በእንግዳ ብዛት አይቆጠርም። ይህን ለእኔ ልትነግረኝ አይገባም ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦ ካዝና ውስጥ ያለው 52,000 ብር ነው። ሠሪዎቹ ለተጨማሪ ገጽ 600 ብር ይጠይቃሉ።

ሐረር በር፦ 600ውን ከኪሴ እከፍላለሁ። ዛሬ እከፍላለሁ!

አንጋፋው፦ በር በ600 ብር አይገዛም።

ጥናት ክፍል፦ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ 82 መስጊድና 102 አዋች (የቅዱሳን መቃብርና መታሰቢያ ቦታዎች) ተጠቅሰዋል። ማውጫው ላይ አንዱም የለም። መስጊዶቹ በሙሉ ይግቡ።

ኮድ ጻፊው፦ 82 በ44 ሲባዛ 3,608 ፒክስል ነው። አራት ስልክ ቁልቁል ተደርድሮ አይበቃውም። «መስጊዶች» የሚል አንድ ገጽ ይኑርና ዝርዝሩ እዚያ ውስጥ ይቀመጥ። ትናንት ሐሙስ ነበር፤ ቢሮ እስከ 12 ሰዓት ጠበቅኩ፣ ማንም አልመጣም።

ጸሐፊ፦ የኤረር ልጅ፣ ፎቶዎቹስ? ሦስት ቀን ሆነ እኮ።

ሐረር በር፦ ጋሼ፣ ማታ የተናገርኩት ቃል ከበደኝ፤ እርስዎ ነዎት ሥራውን ያስተማሩኝ። ይቅር ይበሉኝ። በሩ ግን ይጻፍልኝ።

አንጋፋው፦ ይቅር ለእግዜር። «አምስቱ ጥንታዊ በሮችና የመኪናው መግቢያ» ተብሎ ይጻፍ፤ ያኔ እፈርማለሁ።

ኮድ ጻፊው፦ ርዕሱ ረጅም ነው። ስልክ ላይ ሁለት መስመር ይሆንና ቀስቷን ወደ ታች ይገፋታል።

ጥናት ክፍል፦ ወረቀት ላይ ግን ይበቃል። ለምን የጀጎልን ካርታ አሳትመን ለየሆቴሉ አንሰጥም? እንግዳው ኔትወርክ ቢጠፋም በእጁ ይይዘዋል። በሮቹ በሁለቱም ስማቸው፣ መስጊዶቹም ባሉበት ቦታ ይገባሉ።

ሐረር በር፦ ይህ ጥሩ ነው። ካርታ ላይ መንገዱ ራሱ ያሳያል።

አንጋፋው፦ ለካርታው እኔ ራሴ አብሬ እዞራለሁ። «መኪና ግርግር» የሚባለውን መንገድና የጊድር መጋላን ገበያም አትርሱ።

ገንዘብ ያዥ፦ ማተሚያ ቤት ጠየቅኩ፤ 30,000 ብር አለ። ይህ ከወጣ 22,000 ይቀራል። ለማውጫው 45,000 ከየት ይምጣ?

ጸሐፊ፦ እንግዲያው እሑድ የሚቀርበው ዕቅድ የካርታ ኅትመት ይሁን፤ ማውጫው በሚቀጥለው ዓመት በጀት ይታያል። የተቃወመ አለ?

ኮድ ጻፊው፦ እኔ አለሁ። ካርታውን የሚያገኘው ሐረር ደርሶ ሆቴል የገባ እንግዳ ነው። እኛ የምናጣው ገና አዲስ አበባ ወይም ፓሪስ ሆኖ ስልኩ ላይ የሚፈልገንን ነው። ቁጥራችን ዛሬም ሦስት ዝርዝር ሥር ተቀብሯል፣ ስልክ ላይ ደግሞ ዝርዝሩ አይከፈትም። ገንዘብ አልጠየቅኩም። የይለፍ ቃሉን ስጡኝ፣ ዛሬ ማታ በ10 ደቂቃ ላይኛው ረድፍ ላይ አወጣዋለሁ።

ጸሐፊ፦ የይለፍ ቃሉ የኤረር ልጅ ጋ ነው። ከትናንት ጀምሮ እየደወልኩ ነው፣ አያነሳም።