ማንግሮቬ ያጠረው በዘሩ ነው ወይስ በጨው?

ሰላም ወገኖች፣ የዕፅዋት ዘረመል የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ በሉኝ። የመመረቂያ ጥናቴ ቆሟል።

ማንግሮቭ ባሕር ዳር ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ነው። ራይዞፎራ የሚባለው ዓይነቱ ወንዝ ዳር ረጅም ዛፍ ነው፤ ጨው በበዛበት ሜዳ ግን ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። ልዩነቱ የዘር ነው ወይስ የቦታው? በጥቂት ማይክሮሳተላይቶች (አጫጭር ተደጋጋሚ የዲኤንኤ ክፍሎች) ሳያቸው ሁለቱ ያው ናቸው። ግን ማይክሮሳተላይት ዝምድናን እንጂ መላመድን ብዙም አያሳይም።

ከሁለቱም ቦታ ችግኝ አምጥቼ በአንድ ዓይነት ውሃ ላሳድግ አሰብኩ። ጣጣው ምን መሰላችሁ? የራይዞፎራ ዘር እናቱ ላይ እንዳለ ይበቅላል። ለወራት ከእሷ ሲመገብ ቆይቶ ነው የሚወድቀው። ታዲያ ችግኙ ቢቀጭጭ የወረሰው ጂን ነው ወይስ እናቱ ስንቅ አሳንሳበት? ሁለተኛ ትውልድ እንዳልጠብቅ ዓመታት ይፈጃል፤ እኔ የቀረኝ አንድ ዓመት ብቻ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የብራዚል ጥናት ደግሞ ጭራሽ አደናገረኝ። ላጉንኩላሪያ በተባለው ማንግሮቭ፣ የወንዝ ዳሩና የጨዋማው ቦታ ዛፎች ዘረመል ብዙም ሳይለያይ የዲኤንኤ ሜቲሌሽናቸው (ጂኑ ራሱ ሳይቀየር ሥራውን የሚቆጣጠር፣ ዲኤንኤ ላይ የሚለጠፍ ኬሚካዊ ምልክት) በጣም ይለያያል።

ነገሩ የወረቀት ብቻ አይደለም። ደን በተመነጠረበት መልሶ የሚተክል ሰው ዘሩን ከየትኛው ዛፍ ይልቀም? ባሕሩ ከፍ ሲል ጨዉም ወደ ውስጥ እየገባ ነው።

ገንዘቤ ለአንድ ሥራ ብቻ ይበቃል። ሙሉ ጂኖም (ዲኤንኤውን በሙሉ) ላስነብብ ወይስ ሜቲሌሽን? የችግኙን የመነሻ ክብደት መዝግቤ በስሌት ባስተካክልስ፣ የእናትየውን ተጽዕኖ ይቀንስልኛል? የሞከረ ካለ ስንት እናት ዛፍ እንደተጠቀመ ይንገረኝ።