አዲስ መኪናዬ ወደ ግራ አዘንብሎ ይቆማል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (ቧንቧ ውኃ፣ ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ከአዲስ አበባ አዲስ የኤሌክትሪክ የቤት መኪና ገዝቼ ወደ ደሴ አምጥቻለሁ። መኪናው ቆሞ ከፊት ለፊት ሲታይ በግራ በኩል ዝቅ ያለ ይመስላል፤ በፊተኛው ጎማና በፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ በሚሸፍነው የቦዲ ክፍል) ጠርዝ መካከል ባለው ክፍተት በቀኝ በኩል አራት ጣቶቼ ሲገቡ በግራ የሚገቡት ሦስት ብቻ ናቸው። የጎማዎቹ ንፋስ እኩል ነው፤ መሪው ወደ አንድ ወገን አይስብም፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስወርድም የተለየ ድምፅ አልሰማሁም። ሻጩ በስልክ «እየተነዳ ሲሄድ ይስተካከላል» አለኝ። እዚህ ያነጋገርኩት መካኒክ ደግሞ በግራው ሞላ ጥምጥሞች መካከል የጎማ ቁራጭ አስገብቼ ከፍ ላድርገው ይላል። ዋስትናውን ሳላበላሽ ከየት ልጀምር?

ምላሽ (መካኒክ፣ ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ በሞላው ውስጥ ምንም ነገር አያስገቡ። የጎማ ቁራጭ የገባባቸው የሞላው ጥምጥሞች መሥራት ስለሚያቆሙ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ ያም ወገን ይደርቃል፣ ማለትም እንደ ልቡ አይተጣጠፍም፤ ሻጩም «በሌላ ሰው ተነካክቷል» ለማለት ምክንያት ያገኛል።

በመጀመሪያ በጣት ሳይሆን በሜትር ይለኩ። ልኬቱ ከመሬት ሳይሆን ከቸርኬው እምብርት ተነሥቶ ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ነው፤ እንዲህ ሲሆን የጎማው ንፋስ ልዩነት በውጤቱ ውስጥ አይገባም። ጭነት አይኑር፣ ሰው አይቀመጥበት፣ መሪው ቀጥ ይበል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ከነበረ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ እንደተሰበሰቡ ስለሚቀሩ ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ካልተነዳ በስተቀር ትክክለኛ ቁመቱን አያሳይም።

ዋናው ችግር ግን ቦታው ነው። ደሴ ላይ ለጥ ያለ ሜዳ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ የነዳጅ ማደያ ግቢ እንኳ ውኃ እንዲፈስበት ተብሎ ያዘነበለ ነው። ወደ እኛ ቢወርዱ ይሻላል። እዚያው ከለኩ ግንበኞች ለውኃ ልክ የሚጠቀሙበትን ግልጽ ቱቦ ተውሰው አራቱ ጎማዎች የሚያርፉበትን ቦታ ያረጋግጡ። ከዚያ መኪናውን አዙረው በዚያው ቦታ ላይ እንደገና ይለኩ፤ ዝቅ ያለው ወገን ከተለወጠ ያዘነበለው መሬቱ እንጂ መኪናው አይደለም።

ምላሽ (ሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

አብሽር፣ ፋብሪካ የወጣ መኪና ሁሉ በሚሊ ሜትር እኩል አይቆምም። ብዙ አምራቾች በግራና በቀኝ መካከል እስከ 10 ወይም 15 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ልዩነትን እንደ ጉድለት አይቆጥሩትም። ፓራፋንጎው ራሱ ሲታሰር ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሊሆን ስለሚችል ከበሩ በታች ያለውን የቦዲ ጠርዝ ከመሬት ለክቶ ማመሳከር ይጠቅማል። በነዳጅ መኪና ቢሆን ታንከሩ ወደ አንድ ወገን ስለተቀመጠ ነው ይባል ነበር። በብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ግን ትልቁ ባትሪ በወለሉ ስር መሐል ላይ ተዘርግቶ ስለሚቀመጥ ይህ ምክንያት ብዙም አያስኬድም።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። ኮምቦልቻ ወርጄ በተስተካከለ ሲሚንቶ ወለል ላይ ለካሁ። ፊት ለፊት በግራ 431፣ በቀኝ 450 ሚሊ ሜትር ነው። ከኋላ ያለው ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አዙሬ ብለካም ያው ነው። የበሩ ስር ጠርዝም በፊት በኩል በቀኝ ከፍ ይላል።

ምላሽ (መካኒክ፣ ኮምቦልቻ)

እንግዲህ 19 ሚሊ ሜትር ዝም የሚባል አይደለም። ሆኖም ሁላችንም ዝቅ ያለውን ወገን በሽተኛ አድርገን ጀመርን እንጂ ከፍ ያለው ቀኙ ሊሆን ይችላል። አዲስ መኪና በመርከብ ሲጓጓዝ በቀበቶ ተጠፍሮ ስለሚታሰር፣ አንዳንድ አምራቾች እንዳይወዛወዝ በፊተኛው ሞላ ጥምጥሞች መካከል መደገፊያ ያስገባሉ፤ ለገዢ ከመሰጠቱ በፊት ማውጣት የሻጩ ሥራ ነው። አንዱ ተረስቶ ከቀረ ያ ወገን ከፍ ይላል፣ ጉድጓድ ላይም ደረቅ ይሆናል። መሪውን ወደ አንድ ጫፍ አዙረው በባትሪ መብራት የቀኙን ሞላ ይመልከቱ፤ ለማየት የሚፈታ ነገር የለም።

መደገፊያ ከሌለ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። አንደኛው የሞላው ጫፍ በመቀመጫው ላይ ካለው ማረፊያ ወጥቶ መቀመጡ ነው፤ ከግራው ጋር አስተያይተው ያዩታል። ሁለተኛው የብራቾው (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒ፣ ማለትም በመጋጠሚያው ውስጥ ያለው ላስቲክ ነው፤ ብሎኑ ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ከተጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ መኪናውን ወደ ላይ ይገፋል። መድኃኒቱ ብሎኑን አላልቶ መኪናው በጎማዎቹ ላይ እንደቆመ መልሶ ማጥበቅ ነው። ይህን ግን ሻጩ በዋስትናው ይሥራው፤ ባትሪው ከስር ስለሆነ አምራቹ ከወሰነው ቦታ ውጭ ክሪክ የሚያስገባ ሰው ከዚህ የከፋ ጉዳት ያመጣል።

ስለ ሻጩ መልስ ደግሞ፣ አዲስ ሞላ ትንሽ መርገቡ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚረግበው በሁለቱም ወገን ስለሆነ ይህን ልዩነት አያጠፋውም። ስለዚህ ሜትሩ በግልጽ የሚታይበት ፎቶ ያንሡ፣ ልኬቱን በደብዳቤ ጽፈው ያስገቡ፣ ቅጂውንም አስፈርመው ይያዙ። ዊል አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከል) ከዚያ በፊት አያሠሩ፤ ከፍታው ሲለወጥ የጎማው አቀማመጥም አብሮ ስለሚለወጥ ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ።