ቻርጀር ሲሰካ ቀረጻ ውስጥ የሚገባውን ድምፅ እንዴት ላስወግድ?

በገና የምቀርጸው በአንድ ኮንደንሰር ማይክሮፎን፣ ኃይሉን ከላፕቶፑ በሚወስድ የዩኤስቢ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (የማይክሮፎኑን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሣሪያ) እና ዊንዶውስ 10 በተጫነበት ላፕቶፕ ነው። ማይክሮፎኑ በኤክስኤልአር ገመድ ተገናኝቶ ኢንተርፌሱ ለማይክሮፎኑ የሚልከው የ48 ቮልት ኃይል ሲበራ ድምፁ ጥርት ብሎ ይገባል፤ ይሁን እንጂ የላፕቶፑ ቻርጀር እንደተሰካ እምምም የሚል ወፍራም ድምፅ ከቀረጻው ሥር ይሰማል፣ ሲነቀልም ወዲያውኑ ይጠፋል። ገመድ ቀይሬያለሁ፣ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ሞክሬያለሁ፣ ድራይቨሩንም እንደገና ጭኛለሁ፤ ለውጥ አላገኘሁም። ሞኒተር ስፒከሮቹን ከኢንተርፌሱ ስነቅል ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

በባትሪ ብቻ እንዳልቀዳ ባትሪው ረጅም መዝሙር አያስጨርስም። ከመብራት ኃይሉ የሚመጣውን የ50 ኸርትዝ ድምፅና ብዜቶቹን በኢኩዋላይዘር መቁረጥም አልፈልግም፤ የበገና ወፍራም አውታሮች እንዝራውን (ከአውታሮቹ ሥር የሚገባውን ቁራጭ ቆዳ) እየነኩ የሚሰጡት ነዛሪ ድምፅ እዚያው አካባቢ ስለሚገኝ፣ እምምምታው ሲቆረጥ የመሣሪያው ለዛ አብሮ ይሄዳል። የቻርጀሩን የመሬት ሽቦ ማቋረጥ ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ አላስበውም።

ቻርጀሩ እንደተሰካ ንጹሕ ድምፅ ለመቅዳት፣ የራሱ የኃይል ምንጭ ያለው የዩኤስቢ ሀብ (ማከፋፈያ) ይበቃኛል ወይስ በሰከንድ 480 ሜጋቢት የሚያሳልፍ የዩኤስቢ አይሶሌተር (ዳታውን እያሳለፈ በላፕቶፑና በኢንተርፌሱ መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ ግንኙነት የሚለይ መሣሪያ) መግዛት ይኖርብኛል?