«ዘ ኔም ኦፍ ዘ ሮዝ»፦ ተቺዎቹ ለምን ፊት ነሱት?

የማታ ፊልም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ «ዘ ኔም ኦፍ ዘ ሮዝ»ን አየሁት። የ1986ቱን፣ ሾን ኮኔሪ በገዳም የሞቱ መነኮሳትን ጉዳይ የሚመረምረውን መነኩሴ ዊልያምን ሆኖ የሚሠራበትን። በጣም ነው የወደድኩት። ከዚያ ስለ ፊልሙ የተጻፈውን ሳነብ ግራ ገባኝ። አሜሪካዊው የፊልም ተቺ ሮጀር ኢበርት ከአራት ኮከብ ሁለት ተኩል ነው የሰጠው፤ ታሪኩ የተምታታ፣ ምስሉም የጨለመ ነው ይላል። አሜሪካ ውስጥ ያስገባው 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ፈረንሳዮች ግን ምርጥ የውጭ ፊልም ብለው ሴዛር የሚባለውን የፊልም ሽልማታቸውን ሸለሙት። እንግሊዞችም ለኮኔሪ የእነሱን የፊልም ሽልማት፣ ባፍታን ሰጡት። ምን ቢታያቸው ነው? ፊልሙ የተሠራበትን የኡምቤርቶ ኤኮን ልብ ወለድ መጽሐፍ ያነበባችሁ እስኪ አስረዱኝ።

ብራና፦
ምስጢሩን ስለምናገር ያላየ ሰው ይለፈኝ።

ጨለማው ስህተት አይመስለኝም። ዘመኑ 1327 ነው። ብርሃን ማለት ሻማና ፋኖስ ነው። ውስጡን የቀረጹትም ጀርመን አገር፣ ኤበርባኽ በሚባል እውነተኛ አሮጌ ገዳም ነው። ብርዱ ከድንጋዩ ሲወጣ ይሰማኛል።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። አያቴ ዳዊት ሲደግሙ ጣታቸውን በምላሳቸው አርሰው ነበር ብራናውን የሚገልጡት። የቅጠሉ ጥግ ከእጅ ብዛት ጠቁሮ፣ ወዝ ጠጥቶ ነበር። ፊልሙ ላይ የሟቾቹን ጣትና ምላስ ጠቁሮ ሳይ፣ ዊልያም ሳይናገር ገባኝ። መርዙ ገጹ ላይ ነው! ሰዎቹን የገደላቸው ማንበባቸው ነው። ዓይነ ስውሩ መነኩሴ ሆርሄ የደበቀው ደግሞ አርስቶትል ስለ ኮሜዲ የጻፈውን ነው። ሰው ከሳቀ ፈሪሃ እግዚአብሔር ይጠፋል ብሎ ያምናላ። ያን ሁሉ ሐሳብ በአንድ የጠቆረ ጣት ማሳየት ቀላል ነገር አይደለም።

መጽሐፍ ወዳድ፦
እኔ ከተቺዎቹ ጋር ነኝ። ክርስቶስ ንብረት ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለው ክርክር የኤኮ መጽሐፍ የጀርባ አጥንት ነው። ፊልሙ ላይ ብልጭ ብሎ ጠፋ። መጨረሻውስ? መናፍቃንን የሚመረምረውና የሚፈርድባቸው በርናርዶ ጊ በታሪክ የሚታወቅ ሰው ነው፤ የሞተው በ1331 ነው። እዚህ ግን ገበሬዎች ሠረገላውን ገደል ከተውት ይሞታል። በጠንቋይነት የተከሰሰችው ልጅም ትተርፋለች። መጽሐፉ ላይ ግን በርናርዶ ይዟት ይሄዳል፤ የሚጠብቃት እሳት ነው። አንባቢን የሚያሳምመው እሱ ነበር።

ብራና፦
በበርናርዶ ነገር እስማማለሁ፣ ለተመልካች ደስታ ሲሉ ዕድሜውን አሳጠሩት። ግን ዳይሬክተሩ አኖ መግቢያው ላይ ያስጻፈውን አይተሃል? ፊልሙ የኤኮ መጽሐፍ «ፓሊምፕሰስት» ነው ይላል። የቀድሞው ጽሑፍ ተፍቆ ሌላ የተጻፈበት ብራና ማለት ነው። ከመጀመሪያው ነግሮሃል። እኔም ያየሁት እንደዚያ ነው፣ ከሥር የኤኮ ጽሑፍ እየታየኝ።

የማታ ፊልም፦
እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ጣቶች ሳይ ቀለም ነው ብዬ አልፌያቸው ነበር፣ ሰዎቹ ጸሐፊዎች አይደሉ? ምላሳቸውንማ ልብም አላልኩት። ዛሬ ማታ ከመጀመሪያው እደግመዋለሁ።