ከቫሪኮስ ቀዶ ሕክምና በኋላ እግሬ ደንዝዟል፤ የገጠመው ሰው አለ?

ጤና ይስጥልኝ እህት ወንድሞች። ፀጉር ቤት ስለምሠራ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ከሁለተኛው ልጄ በኋላ የግራ እግሬ ደም ሥሮች ተጠማዝዘው አበጡ (ቫሪኮስ የሚሉት ይሄንን ነው)፤ ማታ ማታ ባቴ ይከብደኝ ነበር። በአልትራሳውንድ ሲታይ የትልቁ ደም መላሽ ሥር ቫልቮች በደንብ ስለማይገጥሙ ደሙ ወደ ታች እየተመለሰ ነው ተባልኩ። ከብሽሽቴ እስከ ጉልበቴ ሥር ያለውን ጎትተው አወጡት፤ ትንንሾቹንም በጥቃቅን ቀዳዳ ለቀሙልኝ።

ጭኔ በልዞ ነበር፤ አሁን ከጥቁር ወደ ቢጫ ሄዶ እየለቀቀ ስለሆነ እሱ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ በውስጥ በኩል ያለው ቦታ ነው። ሳሙና ስቀባው ምንም አይሰማኝም፤ ቀሚሴ ሲነካው ደግሞ ይነዝረኛል። ሐኪሙ ከሥሩ ጎን የሚያልፍ የስሜት ነርቭ ተነክቶ ይሆናል፣ በወራት ውስጥ ይሻሻላል ብሎኛል። እናንተ ላይ ስንት ጊዜ ፈጀ? ጨርሶ ያልለቀቀውስ አለ?

ሌላው፣ ጭኔ ውስጥ እንደ ገመድ የጠጠረ ነገር በእጄ ይዳሰሳል። ባቴ በድንገት ካበጠና ካመመኝ ወይም ትንፋሽ ካጠረኝ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሆስፒታል እንድሄድ ተነግሮኛል፤ እሱ የለኝም፣ ተመስገን። ይሄ ጥጥሩስ በራሱ ይሟሟል?

ደግሞ ያ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እግር እንዲይዝ የሚደረገው ጠባብ ካልሲ! ማጥለቁ ራሱ አጋዥ ይፈልጋል። የሚያቀል ዘዴ ካላችሁ ንገሩኝ። ቆማችሁ የምትሠሩስ መቼ ሥራ ጀመራችሁ? አሠሪዬ ወንበሬን ለሌላ ልትሰጥብኝ ነው።