ጀምሬ የተውኩትን ሹራብ ልጨርሰው ወይስ ልተርትረው?

የከዚራዋ፦

ሰላም ድሬዎች፣ ሰላም ሐረሮች። ቅዳሜ ቁም ሳጥን ሳጸዳ ከብርድ ልብሶቹ ሥር አንድ የታሰረ ፌስታል አገኘሁ። ስፈታው ሦስት ጅምር የእጅ ሥራ። አንዱ የጠረጴዛ ዳንቴል ነው። አንዱ ለእህቴ ልጅ የጀመርኩት የሕፃን ኮፍያ፣ ልጁ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቷል። ሦስተኛው ግን ሆዴን አባባው፤ ለአባቴ የጀመርኩት ቡናማ ሹራብ ነው። ፊትና ጀርባው አልቋል፣ አንዱ እጅጌም አልቋል፣ ሁለተኛው ክርን ጋ ሲደርስ ቆሟል።

የጀመርኩት ከአራት ዓመት በፊት ነው። አባቴ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ይሄዳል። ድሬ ላይ ሹራብ ለምኔ የሚል ይኖራል፣ ቁልቢ ሌሊቱን ውጭ ያደረ ሰው ግን ያውቀዋል። ያኔ እደርሳለሁ ብዬ ነበር፣ አልደረስኩም። ከዚያ መጋቢት መጣ። ሙቀቱ ሲገባ የሱፍ ክር ጭን ላይ ይዞ መቀመጥ አይቻልም፤ እጄ ያልበዋል፣ ክሩ መርፌው ላይ ይይዛል እንጂ አይንሸራተትም። ቀዝቀዝ ሲል እቀጥላለሁ ብዬ አስቀመጥኩት። ሥራ ቀየርኩ፣ ቤት ቀየርን፣ በዚያው ቀረ።

አሁን ጥቅምት ነው፣ ማታ ማታ አየሩ ጥሩ ነው። ትናንት ሃያ መስመር ያህል ሠራሁበት። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳየው አዲሱ ከድሮው ይሰፋል፣ ይላላል፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። ክሩም አይበቃኝም። የቀረኝ አንድ ልቃቂትና ትንሽ ነው። መጋላ ገበያ ሄጄ ያንኑ ቡናማ ገዛሁ፤ ሱቅ ውስጥ ቀለሙ አንድ ዓይነት ይመስል ነበር፣ በረንዳ አውጥቼ በፀሐይ ሳየው ግን አዲሱ ቀላ ይላል።

ሁሉንም ተርትሬ እንደ አዲስ ልጀምር? ወይስ እንደ ምንም ልጨርሰው? ለመተርተር ልቤ አልቆርጥ አለኝ። የደረሰበት ሰው ይምከረኝ።

ሳቢያን ነኝ፦

እህት ዓለም ሁሉንም እንዳትተረትሪው! ፊቱና ጀርባው ምን በደለ? ችግሩ ያለው ትናንት የሠራሻት ሃያ መስመር ላይ ነው።

እጅ ይለወጣል። እኔ ራሴ ከወለድኩ በኋላ ስመለስ እጄ ጠብቆብኝ ነበር፣ ያንቺ ደግሞ ላልቷል። በዓይን አትገምቺው፣ ለኪው። ያለቀው እጅጌ ላይ ማስመሪያ አስቀምጪና በ10 ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ቀለበት እንዳለ ቁጠሪ። ከዚያ አዲሱ ላይ እንዲሁ ቁጠሪ። ድሮ 22 ከነበረና አሁን 20 ከሆነ እጅጌው ሲያልቅ ልዩነቱ ብዙ ነው። እንዲህ ሲሆን መርፌውን በግማሽ ሚሊሜትር ማሳነስ ነው፣ በ4 ትሠሪ ከነበረ በ3.5 ሞክሪ። ግን በቅድሚያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ መርፌው የድሮው ነው ወይ? ጭራው ላይ ቁጥሩ ተጽፏል። ከብረት ወደ ፕላስቲክ መቀየር ራሱ እጅን ይለውጣል።

ሃያዋን መስመር ለመተርተር ደግሞ ዝም ብለሽ አትጎትቺ። ከትናንቱ ሥራ በታች ያለውን የድሮ መስመር ምረጪና ነጭ ቀጭን ክር በወፍራም የስፌት መርፌ እያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ አሳልፊበት። አንድም እንዳያመልጥሽ። ከዚያ የሹራቡን መርፌ አውጥተሽ ተርትሪ፣ ነጩ ክር ጋ ሲደርስ ራሱ ይቆማል። ይሄን ሳላውቅ በፊት ስንቱን ሥራ አበላሽቻለሁ፣ አንድ ቀለበት አምልጦ አምስት መስመር ወርዶ ይገኛል።

የተረተርሽው ክር ይጠቀለላል። እንደዚያው አትሥሪበት፣ መልኩ ይበላሻል። ወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥሚው፣ አራት ቦታ ላላ አድርገሽ እሰሪው፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሪና ጥላ ላይ ስቀዪው። ጠዋት ሲደርቅ ቀጥ ይላል።

የጁገል ልጅ፦

አቦ የቀለሙን ነገር ለእኔ ተዉልኝ። የክሩ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር አለ። አንዱ የቀለሙ ነው፣ ሌላው ክሩ የተነከረበት ዙር ነው። የቀለሙ ቁጥር አንድ ሆኖ ዙሩ ከተለያየ እንዲህ ይሆናል። ስለዚህ ባለሱቁም አላታለለሽም፣ አንቺም አላጠፋሽም። ከአራት ዓመት በኋላ ያንኑ ዙር ማግኘት ግን ከባድ ነው።

እኛ ቤት ይሄ በስንደዶ ስፌት ነው የሚታወቀው። ሐረር ቤት የገባ ሰው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ያውቃል። እኔ አንዱን ጀምሬ ሰባት ዓመት ተውኩት። ስመለስ ስንደዶው ደርቆ ወስፌው ሲገባበት ይሰበራል፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አሳድሬው ነው የተለሰለሰው። ቀዩ አለላ ደግሞ በብርሃኑ ደብዝዟል፣ አዲሱ እንደ እሳት ይበራል። ላፈርሰው ስል አያቴ እጄን ያዘችና «አዲሱን አንድ ቦታ ብቻ ካደረግሽው እንከን ነው፣ ዳሩን ሁሉ ከዞረ ግን ጌጥ ነው» አለችኝ። ዳሩን ሁሉ አዞርኩት። ወላሂ ዛሬ የመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያየው እሱን ነው።

አንቺም እንደዚያ አድርጊ። አዲሱን ክር አንዱ እጅጌ መሃል ላይ አታስገቢው። የሁለቱንም እጅጌ ጫፍ፣ ላስቲክ የሚመስለውን ክፍል፣ በአዲሱ ሥሪ። አንገቱንም ጨምሪበት። ያለቀው እጅጌ ጫፉ ይፈታልና ታዝኚ ይሆናል፣ ግን የሚተርፈው የድሮ ክር ለሁለተኛው እጅጌ ይሆንሻል። ልዩነቱ እንዳይታይ ከፈለግሽ ደግሞ ሁለት መስመር ከድሮው፣ ሁለት መስመር ከአዲሱ እያፈራረቅሽ ሥሪ። እኔ ግን ጫፉን ነው የምመርጠው።

ልብስ ሰፊው፦

እኔ መኪና ግርግር የምሰፋ ነኝ። ሐረርን ለማያውቅ፣ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙም ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የመጣ ነው። ሰዎች ሹራብ በቁርጥራጭ ሠርተው «ግጠምልኝ» ብለው ያመጡልኛል።

ልጄ፣ ስለ ክርና ስለ መርፌ ብዙ ተባለ፣ ጥሩ ነው። ግን አባትሽን ለክተሻል? አራት ዓመት ብዙ ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው ይከሳል፣ ትከሻ ይወርዳል፣ ደረት ይጠባል። ስንት ልጅ በድሮ ልክ ሠርቶ አባቱ ላይ ሲንጠለጠል አይቻለሁ። አንድ መስመር ሳትጨምሪ ፊቱንና ጀርባውን በመርፌ ቁልፍ አያይዘሽ አልብሺው። ክንዱን ከትከሻ እስከ አንጓ ለኪ፣ ክርኑን ትንሽ አጥፎ። ሰፍቶ ከሆነ ጎኑ ገና ስላልተሰፋ ዕድለኛ ነሽ፣ ከሁለቱም ጎን አንድ ሁለት ጣት ወደ ውስጥ ገብተሽ ስፊው። አይቆረጥም። ከተቆረጠ ይተረተራል።

መግጠሙን በመኪና አታሰፊው፣ ገበያዬን ራሴ እየዘጋሁ ነው የምነግርሽ። የመኪና ክር እንደ ሹራብ አይሳብም፣ ሲለበስ ይበጠሳል ወይም ይሸበሸባል። በራሱ ክር በእጅሽ ስፊው።

ደግሞ ካውያ ከማሳረፍሽ በፊት ክሩ ምን እንደሆነ እወቂ። አንድ ጣት የምታህል ቆርጠሽ አቃጥዪ። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ሲነኩት ዱቄት ይሆናል። አክሪሊክ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ክር፣ ከሆነ ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል። አክሪሊክን የጋለ ካውያ ካገኘው ይዝላል፣ ወደ ድሮው አይመለስም።

ደቻቱ ማዶ፦

ሱፍ ከሆነ ብል እንዳልገባው እዩ። መስኮት ፊት ዘርግተሽ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ፈልጊ። ካለ ፌስታል ውስጥ አስረሽ ፍሪዘር ውስጥ ጥቂት ቀን አቆዪው፣ ከዚያ አራግፊው።

ዳንቴሉን ደግሞ አትቸኩዪበት። የጥጥ ክር ሲቀመጥ ቢጫ ይሆናል፣ መጀመሪያ እጠቢው፣ ከዚያ ነው ክሩ ይመሳሰል አይመሳሰል የሚታየው። የሕፃኑንስ ምን አሰብሽ? ለሌላ ልጅ ይሆናል እኮ።

የከዚራዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከትናንት ጀምሮ ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

ሳቢያን ነኝ፣ ልክ ነሽ። መርፌው የድሮው አልነበረም። ከጎረቤት የተዋስኩት 4.5 ነው። የእኔዎቹ 4ቶች ፌስታሉ ሥር በጋዜጣ ተጠቅልለው ተገኙ። ያለቀው ላይ በ10 ሴንቲሜትር 21 ቀለበት፣ አዲሱ ሃያ መስመር ላይ 18። በ4ቱ ትንሽ ለሙከራ ሠርቼ ስቆጥር 20 ሆነ፤ እጄም ትንሽ ላልቷል ማለት ነው። አጥብቄ ስይዝ 21 ይመጣል።

ጋሼ፣ የእርስዎን ምክር ባላነብ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር! ማታ አባቴን አቁሜ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩለት። ምንም ሳይል ክንዱን ዘርግቶ ቆመልኝ። ደረቱ ላይ አራት ጣት ሰፋው። ክንዱ ደግሞ ካለቀው እጅጌ 3 ሴንቲሜትር ያጥራል። እንደዚህ መክሳቱን አብሬው እየኖርኩ አላየሁትም ነበር። ትንሽ ቆይቶ «ይሄ የዚያን ጊዜው ነው?» አለኝ። ረስቶታል ብዬ ነበር።

ክሩን አቃጥዬ አየሁት፣ ሱፍ ነው፣ ብልም አልነካውም። ስለዚህ ያለቀውን እጅጌ ጫፉን ፈትቼ አሳጥረዋለሁ፣ የሁለቱንም ጫፍና አንገቱን በአዲሱ ቡናማ እሠራለሁ፣ ጎኑን ወደ ውስጥ ገብቼ በእጄ እሰፋለሁ። እስከ ታኅሣሥ 19 ሁለት ወር ገደማ አለኝ፣ በቀን አሥር መስመር ብሠራ ይደርሳል።

ኮፍያው አናቱን መዝጋት ብቻ ነው የቀረው፤ ታች ቤት ያለችው ጎረቤታችን ኅዳር ላይ ትወልዳለች፣ ለእሷ ይሆናል። ዳንቴሉ ሳፋ ውስጥ ተነክሯል። ሃያዋን መስመር ተርትሬያታለሁ፣ ነጩ ክር ጋ ቀጥ ብላ ቆመች። ክሩ አሁን በረንዳው ጥላ ላይ ተሰቅሎ እየደረቀ ነው።